ከስድስት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት

በኅዳር 2010 ዓ.ም. ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ካዘጋጃቸው ሰዓቶች አንዱ የእኛ ታሪክ ነበረበት። ፓቴክ ፊሊፕ የሠራው፣ የሞዴል ቁጥሩ 2497 የሆነ፣ የወርቅ ቀፎና ጥቁር ፊት ያለው የእጅ ሰዓት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ በስጦታ የተቀበሉት ነው ተባለ። የተገመተለት ዋጋ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ነበር። ግን አልተሸጠም። የንጉሡ ቤተሰብ አባላት የባለቤትነት ጥያቄ አነሱና ድርጅቱ ሰዓቱን ከጨረታው አወጣው።

ያኔ ወሬው የተሰማው «የተዘረፈ ቅርስ» በሚል ነው፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ከመስከረም 2 ቀን 1967 በኋላ ከቤተ መንግሥት የወጣው ዕቃ በየት በየት እንደዞረ መጠየቅ አለበት። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥት ሰዓት አያጣም። የሚጎበኘው አገር ይሰጠዋል፣ የሚጎበኘው አምባሳደር ይሰጠዋል፣ እሱም በተራው ለሌላ ይሰጣል። ከዚያ ሁሉ ሰዓት ዓለም በስም የሚያነሳው ግን አንዱን ነው። ብዙ ሰዓት ያለው ሰው መጨረሻ ላይ የሚቀረው አንድ ሰዓት ከሆነ፣ ከመጀመሪያው አንድ ብቻ መያዝ አይሻልም ወይ?

ጥያቄው ለእኔ የቡና ላይ ጨዋታ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን ኮድ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ስድስት ሰዓት አለ። (አማርኛ ለሰዓት ሰብሳቢ አይመችም፤ «ስድስት ሰዓት አለኝ» ስትሉ ሰሚው የምሳ ቀጠሮ የያዛችሁ ይመስለዋል።) አንዱ የአባቴ ሴኮ ነው። ቀሪዎቹ ኦሪየንት፣ ሲቲዝን፣ በደርግ ጊዜ ከሶቭየት ኅብረት የመጣ ራኬታ፣ ካሲዮ እና አንድ ስማርት ሰዓት ናቸው። ዕቅዴ እነዚህን ሸጦ፣ ቁጠባ ጨምሮ፣ በ1950ዎቹ የተሠራ አንድ ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን መግዛት ነበር። ጀርባው ላይ የከዋክብት መመልከቻ ቤትና ስምንት ኮከብ የተቀረጸበት፣ ሰዓት የሚወድ ሰው ሁሉ በሥዕል አይቶ የሚመኘው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኦሜጋው ያለበት ነው፤ የራቅኩት እኔ ነኝ። እናቴ ዋጋውን ስትሰማ በበሬ ነው ያሰላችው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጥማድ በሬ ገዝቶ ይተርፈዋል፤ በሬው ደግሞ ያርሳል» አለች። መልስ አልነበረኝም። በሬ ያርሳል፤ ሰዓት ምን ያደርጋል? ይሄን ለመመለስ ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ።

*

በጎጃም ሰዓት ከሰዓት በፊት ነበር። ስም ከዕቃው ይቀድማል፤ አማርኛ ጊዜውንም፣ መለኪያውንም፣ እጅ ላይ የሚታሰረውንም በአንድ ቃል ሰዓት ይላል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ቀኑን በራሱ ጥላ ይለካ ነበር። ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፣ የጥላውን ጫፍ ምልክት ያደርጋል፣ በጫማው ይቆጥራል። ጥላ በየወሩ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር የሚነበብበት የወር በወር ሠንጠረዥ አለው። መሐንዲስ ሆኜ ሳየው ሠንጠረዡ ያው የእኛ ሥራ ነው፤ ግብዓቱ ወርና የጫማ ብዛት፣ ውጤቱ ሰዓት። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ቀንና ሌሊቱን በ18 ክፍል ከፍሎ፣ በዓመቱ ውስጥ ቀኑ ከሌሊቱ፣ ሌሊቱ ከቀኑ እንዴት እንደሚበደር ይቆጥራል።

ይሄ ቅንጦት አልነበረም። ጾም ሰዓት አለው፤ ቅዳሴ ሰዓት አለው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የማይቀመስበት ሑዳዴ ላይ፣ የጥላ ቆጠራ የብዙ ሰው ሆድ ጉዳይ ነው። የእኛ ቀን ከማለዳ ጀምሮ መቆጠሩም ከዚህ ኑሮ ጋር ይስማማል። ፀሐይ ስትወጣ ትጀምራለህ፤ አንድ ሰዓት ሥራ ከተጀመረ በኋላ አንድ ሰዓት ነው።

የፈረንጅ ሰዓት ሲመጣ እዚህ ላይ አንድ የሚያምር አጋጣሚ ተፈጠረ። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ልክ ስድስት ሰዓት ነው። የሰዓት ፊት ደግሞ አሥራ ሁለት ቦታ የተከፈለ ክብ ነው። ስለዚህ ስድስት መጨመር ማለት ዘንጉን ወደ ማዶ ማሻገር ብቻ ነው፤ 7 የነበረው 1 ይሆናል፣ 9 የነበረው 3። የደቂቃው ዘንግ አይነካም። የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች ስለ ጎጃም ምንም ሳያውቁ፣ ለጎጃም የሚሆን ሰዓት ሠርተው ነበር። ልዩነቱ አምስት ሰዓት ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ገበሬ በየቀኑ የሒሳብ ፈተና ይቀመጥ ነበር።

ከስዊዘርላንድ ጋር ያለን ትውውቅም ከ1947ቱ ጉብኝት የቆየ ነው። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ስዊስ መሐንዲስ ወደ ምኒልክ የመጣው በ1871 ዓ.ም. አካባቢ፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው። ከዚያ ወዲህ አማካሪያቸውና የባቡር ሐዲዱ ሐሳብ ዋና አራማጅ ሆነ። ባቡር ሲመጣ ሰዓት የግድ ይመጣል፤ ጥላ የሚቆጥር ሰው ቄሱን ይደርስባቸዋል፣ ባቡሩን ግን አይደርስበትም።

*

አሁን ወደ ቡሬ ልውሰዳችሁ። የዚህ ጽሑፍ ልብ ያለው እዚያ ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአምስት ዓመት ግድም ስደት በኋላ በኦሜድላ በኩል ገቡ። የስደቱ ዘመን በሰብሳቢ ዓይን ሲታይ ልብ ይነካል፤ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሲኖሩ ገንዘብ አጥሯቸው የብር ዕቃቸውን እስከ መሸጥ ደርሰው ነበር። እኔ መሳቢያዬን ሳራግፍ ለፍላጎት ነው፤ እሳቸው ያራገፉት ለኑሮ ነው።

ከእሳቸው ጋር በጎጃም ላይ የዘመተው በሻለቃ፣ ኋላም በኮሎኔልነት በኦርድ ዊንጌት የሚመራው ጦር ነበር። ዊንጌት እንግዳ ሰው ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። እንደ ሌላው መኮንን የእጅ ሰዓት በማሰር ፋንታ፣ የሚጮኽ የማንቂያ ሰዓት እጁ ላይ ያስር ነበር። ስብሰባ መሀል ይጮኻል፤ እሱም ጊዜው አለቀ ብሎ ይነሳል። በሰዓት ታሪክ ውስጥ የጎጃም መሬት የረገጠ ከዚህ የበለጠ አስቀያሚና ከዚህ የበለጠ ሥራውን የሚያውቅ ሰዓት ያለ አይመስለኝም።

ለዚያ ጦር ያወጣለት ስም «የጌዴዎን ጦር» ነው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ታሪኩን ያውቀዋል። ጌዴዎን ምድያማውያንን ሊወጋ 32 ሺህ ሰው ይዞ ወጣ። ብዙ ነው ተባለ። የፈራ ይመለስ ሲባል 22 ሺህ ተመለሰ። አሁንም ብዙ ነው ተባለ። ውኃ አጠጣጣቸው ታይቶ 300 ብቻ ቀሩ። እነዚያ 300ዎቹ በሌሊቱ መካከለኛ ክፍል፣ ዘበኞች በተቀያየሩበት ሰዓት፣ ቀንደ መለከት ነፍተው ማሰሮ ሰባብረው ሰፈሩን አሸበሩት። ስለ መቀነስ ከተጻፈ ታሪክ ሁሉ እኔ የማውቀው ትልቁ ይሄ ነው።

የዊንጌት ጌዴዎንም እንደዚያው ነበር። የሱዳንና የኢትዮጵያ መደበኛ ወታደሮቹ ተደምረው 2,000 አይሞሉም። ፊት ለፊታቸው ያለው የጣልያን ኃይል ብዙ እጥፋቸው ነው፤ በቡሬ ምሽግ ያለው ብቻ ይበልጣቸው ነበር። ዕቃ የጫኑት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች የደጋውን ብርድና ዳገት አልቻሉም፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። የቀራቸው መላ ነበር። ሌሊት ሌሊት ከተለያየ አቅጣጫ ይተኩሳሉ፣ ቦታ ይቀያይራሉ፣ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ለባንዳው ወታደር ይናገራሉ። ምሽጉ ውስጥ ያለው ትልቅ ጦር የከበበው መሰለው። በየካቲት 1933 መጨረሻ የጣልያን ጦር ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ይሄን ታሪክ በእንግሊዝኛ ብቻ ያነበበ ሰው ጥቂቶቹ ዊንጌትና መኮንኖቹ ይመስሉታል። ያ ሽንገላ ሊሠራ የቻለው ጣልያን ከከተማ ምሽግ ውጪ መሬት ስላልነበረው ነው፤ ከዚያ ያገዱት ደግሞ አምስቱን ዓመት የተዋጉት የጎጃም አርበኞች ናቸው፤ እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቅ በኩል እነ በላይ ዘለቀ። የጌዴዎን 300ዎችም ያሸነፉት ሰፈሩ ቀድሞ ስለፈራ ነው። ጥቂት ነገር ኃይል የሚኖረው ከጀርባው ብዙ ነገር ሲኖር ነው።

መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ከባዝ ብራቸውን ሸጠው የተነሱት ሰው ከ14 ዓመት በኋላ ጄኔቫ ላይ የተወራለትን ሰዓት የተቀበሉት በዚህ መንገድ አልፈው ነው። ያ መንገድ ዛሬ በእኛ ከተማ መሀል ያልፋል። የከተማችን ስም ራሱ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው።

*

ታዲያ ያ ሰዓት ምን ነበረው? እዚህ ላይ እንደ ኮድ ጸሐፊ ላውራ።

2497 ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ አለው። ወሩ 30 ይሁን 31፣ የካቲታቸው 28 ይሁን 29፣ ሰዓቱ ራሱ ያውቃል። ባትሪ የለም፣ ቺፕ የለም፤ ያለው ጥርስና ምንጭ ነው። የዚህ ዓይነት ሰዓት አእምሮ በአራት ዓመት አንዴ የምትዞር፣ ጠርዟ የተቦረቦረ ትንሽ ቁራጭ ብረት ናት። ጥልቁ ቦታ አጭር ወር ነው፣ ከፍ ያለው ረጅም ወር። አንድ ማንሻ ጠርዟን እየዳሰሰ ስንት ቀን መዝለል እንዳለበት ያውቃል። እኛ በሦስት መስመር ኮድ የምንጽፈውን እነሱ በፋይል ሞርደው ጻፉት። ፓቴክ ይህን ሞዴል ከሁለት መቶ ያነሰ ነው የሠራው።

ግን ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ብልሃት ያላቸውን ሰዓት የተቀበሉት ንጉሥ፣ አገራቸው በዓመት 13 ወር ትቆጥራለች። ሰዓቱ ጳጉሜን አያውቅም። መስከረም 1 ለሰዓቱ ተራ ቀን ነው። በዓለም ላይ ካሉት የቀን መቁጠሪያ ሰዓቶች ምርጡ፣ በባለቤቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሁልጊዜ እንግዳ ነበር።

ከዚህም ይገርማል። የእኛ አቆጣጠር ለሰዓት ሠሪ ከእነሱ ይልቅ ይቀላል። አሥራ ሁለቱ ወር እኩል 30፣ 30 ነው። የሚለወጠው ጳጉሜ ብቻ ነው፤ ሦስት ዓመት አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። በቃ። ለኮድ ቢሰጥ፣ ዓመቱን ለአራት አካፍለህ ቀሪው ሦስት ከሆነ ስድስት፣ ካልሆነ አምስት። የእነሱ «ዘላለማዊ» ደግሞ ዘላለሙ ቀነ ገደብ አለው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 2100 ለአራት ቢካፈልም የካቲቱ 28 ነው፤ በአራት ዓመት የምትዞረዋ ብረት ግን ይህን አታውቅም። ስለዚህ በዚያ ዓመት እነዚያ ሰዓቶች በእጅ መታረም አለባቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሠራ ቢኖር ግን፣ እየተሞላ እስከሄደ ድረስ መታረም የለበትም። እውነተኛው ዘላለማዊ ሰዓት የእኛ ይሆን ነበር። በ2100 የሚስተካከለው የእኛ ሰዓት ሳይሆን የእንቁጣጣሽ የፈረንጅ ቀን ነው፤ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሸጋገራል።

*

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭርና ጨካኝ ነው። ታኅሣሥ 16 ቀን 1962 ዓ.ም. ሴኮ ቶኪዮ ላይ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። ዋጋው 450 ሺህ የን፣ የአንድ ቶዮታ ኮሮላ ያህል ነበር። ኳርትዝ ድንጋይ ኤሌክትሪክ ሲነካው እኩል እኩል ይንቀጠቀጣል። ዛሬ በብዙው ሰዓት ውስጥ ያለው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ነው። ቁጥሩ የተመረጠው ለእኛ ለኮድ ሰዎች ወዲያው ለሚገባን ምክንያት ነው፤ 2 በ15 ጊዜ ተባዝቶ የሚመጣ ነው። አሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት ስትከፍለው በሰከንድ አንድ ምት ይቀርሃል። ይሄም መቀነስ ነው፤ ከ32 ሺህ ጀምሮ አንድ ላይ መድረስ። ጌዴዎንም የጀመረው በ32 ሺህ አልነበር!

በ15 ዓመት ውስጥ የስዊስ የሰዓት ሠራተኛ ቁጥር ከ90 ሺህ ገደማ ወደ አንድ ሦስተኛው ወረደ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ፕላስቲኩ ካሲዮ ኤፍ-91 ደብልዩ፣ ጊዜ በመጠበቅ የንጉሡን ፓቴክ ያስከነዳል። ካሲዮው በወር የሚስተውን ያህል ሰከንድ፣ የሚሞላ ሰዓት በጥቂት ቀን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ውድ ሰዓት የሚገዛ ሰው ጊዜ ገዛሁ ካለ ራሱን እያሞኘ ነው። የሚገዛው ሌላ ነገር ነው።

አባቴ ሴኮውን የገዛው በ1970ዎቹ ቡሬ ገበያ በርበሬ ሸጦ ነው። ቤታችን ውስጥ ሰዓት ያ ብቻ ነበር። ሴኮ ፋይቭ ራሱን በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ ነው፤ የሚያርስና የሚቆፍር እጅ ላይ ቆሞ አያውቅም። ጎረቤት ልጁን ትምህርት ቤት የሚሰደው፣ እናቴ ራዲዮ የምትከፍተው፣ አውቶቡስ የሚጠበቀው በእሱ ነበር። አንድ ሰዓት ስንት ሰው ያገለግል እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ።

የእኔን መሳቢያ ከዚህ ጋር አስተያዩት። እጄ አንድ ሰዓት ነው የሚይዘው። ከስድስቱ ሦስቱ የሚሞሉ ናቸው፤ ካልታሰሩ በሁለት ቀን ውስጥ ይቆማሉ። ስለዚህ በማንኛውም ቀን መሳቢያውን ብከፍት ቢያንስ ሁለቱ ቆመው ነው የማገኛቸው፤ አንዱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ አንዱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ብዙ የሚሞላ ሰዓት ያለው ሰው ያለው ብዙ የቆመ ሰዓት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ያወጣ ሰው መሳቢያዬን ያየ ይመስላል።

እንግዲህ መቀነሱ ልክ ነው፤ ይሄን ታሪኩ ሁሉ ይመሰክራል። ያልመሰከረልኝ የዕቅዴን ሁለተኛ ግማሽ ነው። ጌዴዎን 31,700 ሰው የሸኘው በእነሱ ለውጥ አንድ ወርቃማ ሰይፍ ለመግዛት አይደለም። የቀሩት 300 ከውጪ የመጡ አይደሉም፤ ከመጀመሪያውም መሀላቸው ነበሩ። መቀነስ ማለት ቀድሞ ያለህን ማግኘት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አደረግኩ። ኦሪየንቱን፣ ሲቲዝኑን፣ ራኬታውንና ስማርቱን ሸጥኩ። ካሲዮው ፍኖተ ሰላም ላለው የእህቴ ልጅ ሄደ። ሴኮው ቀረ። ከሽያጩ ብር ጥቂቱ ለእሱ ሙሉ እድሳት ወጣ፤ መርካቶ ያለ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ፈትቶ አጥቦ፣ ዘይት ለውጦ፣ ማሰሪያ ቀይሮ ሰጠኝ። የቀረውን ለእናቴ ላክሁት፤ በሬ አይገዛም፣ ለማዳበሪያ ግን ሆኗል።

ኦሜጋውን አልጠላሁትም። ሥዕሉን አሁንም አያለሁ፤ ስምንቱ ኮከብ አሁንም ያምራል። አንድ ቀን ብገዛው ግን ሳወልቀው እንዲያርፍ ሳይሆን በየቀኑ እንዲታሰር ነው የምገዛው። የንጉሡ ፓቴክ በእጅ የሚሞላ ነው። በየቀኑ የሚሞላው ሰው ካጣ በሁለት ቀን ይቆማል፤ ዘላለማዊ የተባለው አቆጣጠሩም የቆመበት ቀን ላይ ይቀራል። ያ ሰዓት ዛሬ በማን ካዝና ውስጥ ቢሆን፣ ክርክሩ በማንም ቢፈረድ፣ ጣቱን ዘርግቶ የሚሞላው አንድ ሰው ያስፈልገዋል።